ድንች በተፈጨ ሥጋ በአንድ መጥበሻ፦ ከሥጋ ቤት እስከ ማዕድ

ድንች በተፈጨ ሥጋ በትናንሹ የተቆረጠ ድንችና የተፈጨ የበሬ ሥጋ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር በአንድ መጥበሻ ተጠብሶ የሚቀርብ ምግብ ነው። እንደ ወጥ መረቅ የለውም፤ እንደ ጥብስም ብዙ ሥጋ አይጠይቅም። ግማሽ ኪሎ ሥጋና አንድ ኪሎ ድንች ስድስት ሰው ያበላል። ከሰሉ አንዴ ከተያያዘ ሥራው በዚያው ያልቃል፤ የሚታጠበውም አንድ መጥበሻ ነው። ሥጋ በተወደደበትና ከሰል በሚቆጠርበት ጊዜ ይህ ለአንድ ቤት ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ምግቡ ቀላል ቢሆንም ሥጋው ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተፈጨ ሥጋ ሁለት ጥያቄ ያስነሳል፦ እርዱ የማን ነው? በደንብስ በስሏል ወይ? ሙሉ ሥጋ ሲገዛ ብልቱ፣ ቀለሙና የቄራው ማኅተም ይታያል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን ዓይን ብቻውን ሊለየው አይችልም። ስለዚህ የዚህ ምግብ ሥራ የሚጀምረው ከሥጋ ቤቱ ነው። ከዚህ በታች ወረታንና የፎገራን ሜዳ መነሻ በማድረግ ሥጋውን ከመምረጥ ጀምሮ አሠራሩን፣ የረመዷንና የዒድ አያያዙን፣ እንዲሁም የተረፈውን እንዴት ማቆየት እንደሚቻል በቅደም ተከተል ቀርቧል።

ግብዓቶቹ ወረታ ላይ እንዴት ይገናኛሉ

ወረታ በደቡብ ጎንደር ዞን በፎገራ ወረዳ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። ይህ መገንጠያ ደጋውንና ሜዳውን ያገናኛል። ድንቹ ከፋርጣ፣ ከጉና ተራራ ግርጌና ከላይ ጋይንት ደጋ ይወርዳል። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በበጋ በርብና በጉማራ ወንዞች ውሃ እየለማ ከፎገራ ሜዳ ይገኛል። የከብቱም አገር ይኸው ነው፤ የፎገራ ዝርያ በጣና ዙሪያ ያለውን ረግረግ የለመደ፣ በወተቱና በእርሻ ጉልበቱ የታወቀ ከብት ነው።

ድንች ለሀገራችን የቆየ ሰብል አይደለም። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። በደጋው በስፋት የተለመደውም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከደረሰው ከክፉ ቀን ረሃብ በኋላ ነው። ዛሬ ገበሬው ከሚያመርታቸው የተሻሻሉ ዝርያዎች መካከል ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ ይገኙበታል። የፎገራ ሩዝ ደግሞ ከዚያም ይልቅ አዲስ ነው፤ በሜዳው መዘራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲሆን፣ አሁን የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉ መቀመጫ ወረታ ነው።

በዚህ አካባቢ ሙስሊሙ ከገበያና ከመንገድ ጋር የቆየ ትስስር አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ አገር ያለፉ መንገደኞች ስለ ይፋግ ትልቅ ገበያና በደሪጣ ስለሚኖሩ ሙስሊም ነጋዴዎች ጽፈዋል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ እየሸመቱና በአንድ ሰፈር እየኖሩ፣ ሥጋን ግን እያንዳንዱ ከየራሱ እርድ የመብላት ልማድ ይዘው ቆይተዋል። ልማዱ በሁለቱም ወገን የታወቀና የተከበረ ስለሆነ ሥጋ ቤት ገብቶ «የማን እርድ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሥጋው፦ ከመፈጨቱ በፊት የሚጠየቀው

አላህ (ሱ.ወ.) ስሙ የተወሳበትን እንድንበላ ፈቅዷል፤ በክት፣ የሚፈስ ደምና የአሳማ ሥጋን ደግሞ ከልክሏል። ይህ ፍርድ በሱረቱል አንዓምና በሱረቱል ማኢዳህ ተገልጿል። ለተፈጨ ሥጋ ገዢ ይህ በተግባር ሦስት ነገር ማለት ነው።

አንደኛው፣ ሥጋው ሳይፈጭ ይመረጥ። ቁራጩን አይተው ይምረጡና ዓይንዎ እያየ ይፈጭልዎ። ቀድሞ ተፈጭቶ በሳህን የተቀመጠ ሥጋ ከየትኛው ከብትና ከየትኛው ቀን እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል።

ሁለተኛው መፍጫው ነው። ማሽኑ ለሌላ እርድ ሥጋም የሚያገለግል ከሆነ ከፊተኛው የቀረ ሥጋ በጥርሱና በማኅፀኑ ውስጥ ይኖራልና መታጠቡን ይጠይቁ። ካልታጠበ ሥጋውን ሙሉውን ይዘው ይሂዱ። በብዙ ሙስሊም ቤት ለረመዷን ሳምቡሳ ተብሎ የተገዛ በእጅ የሚዞር መፍጫ አለ፤ ለዚህ ምግብም ያገለግላል። መፍጫ ከሌለም በመክተፊያ ላይ በስለታም ቢላዋ እስኪደቅ መክተፍ ይበቃል። ሥጋው ማቀዝቀዣ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ጠንከር ካለ ከቢላዋው ስለማይሸሽ በቀላሉ ይከተፋል።

ሦስተኛው፣ በሽታ የገደለው ወይም ሊሞት ሲል በጥድፊያ የታረደ ከብት ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ የሸሪዓው ክልከላና የሐኪሙ ማስጠንቀቂያ አንድ ናቸው። በድንገት የሞተ ከብት በአባ ሰንጋ ሞቶ ሊሆን ይችላል። የአባ ሰንጋ ተዋሲ ራሱን በጠንካራ ሽፋን ይዞ ሙቀትን የሚቋቋም በመሆኑ ማብሰል ዋስትና አይሆንም፤ ሥጋውን መንካትና ቆዳውን መግፈፍ ብቻ እንኳ በሽታውን ያስተላልፋል። «ከሚጣል ለድሃ ይሰጥ» ተብሎ የሚከፋፈል እንዲህ ያለ ሥጋ ሰደቃ አይሆንም። በእንስሳት ሐኪም የታየና ማኅተም ያለበት ሥጋ መግዛት ከዚህ አደጋ ይጠብቃል።

ከሥጋው የሚወጣው ቀይ ውሃ ብዙዎችን ያሳስባል። የተከለከለው በእርድ ጊዜ የሚፈሰው ደም ነው። ከእርድ በኋላ በሥጋው ውስጥ የቀረውን ዑለማዎች ይቅር የተባለ አድርገው ይመለከቱታል። ቀይ ሆኖ የሚታየውም በአብዛኛው ከጡንቻው ቀለም ጋር የወጣ ውሃ ነው። ማጠብ የሚፈልግ ሰው ሥጋው ሳይፈጭ አጥቦ በደንብ ያንጥፈው። የተፈጨ ሥጋ አይታጠብም፤ ጣዕሙ ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ የሚረጨውም ውሃ ተዋሲን ወደ ሌላው ዕቃ ያዳርሳል።

ለዚህ ምግብ ጭቅና ወይም ሽንጥ ማዋል ብክነት ነው። በአካባቢው ለእርድ የሚቀርበው ከብት ብዙ ጊዜ ዓመታት ያረሰ በሬ ስለሆነ የአንገትና የጭን ሥጋው ጠንካራ ነው። በጥብስ መልክ አልታኘክ የሚለው ይህ ሥጋ ሲፈጭ ጅማቱ ስለሚቆራረጥ ይለሰልሳል። ጥቂት ስብ ቢኖርበት ይመረጣል፤ ድንቹ የሚጠበሰው በከፊል በዚያው ስብ ነውና።

ድንቹ

ጠንካራ፣ ያልበቀለና ያልጨማደደ ድንች ይምረጡ። ብርሃን ላይ የቆየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ራሱ ባይጎዳም ሶላኒን የሚባል መርዛማ ነገር በዚያ ቦታ መብዛቱን ያሳያል። ሶላኒን በመቀቀልም በመጥበስም አይጠፋም። ጥቂት አረንጓዴ ካለው ወፍራም አድርጎ ልጦ፣ የበቀለበትንም ጎድጉዶ ማውጣት ይቻላል፤ በብዛት አረንጓዴ የሆነውን ወይም የሚመረውን መጣል ነው። ድንች በጨለማና አየር በሚያገኝ ቦታ ይቀመጥ፤ ከሽንኩርት ጋር በአንድ ከረጢት ከተቀመጠ ሁለቱም ቶሎ ይበላሻሉ።

ድንቹ ተልጦ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ባላቸው እኩል ኩቦች ይቆረጣል። እኩል ካልሆነ ትንሹ ሲያር ትልቁ ጥሬ ይቀራል። ከተቆረጠ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ላዩ ላይ ያለው ስታርች ይወገድና በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ይደርቃል። ስታርቹ ካልታጠበ ድንቹ ከመጥበሻው ይጣበቃል፤ ውሃው ካልደረቀ ደግሞ ዘይቱ ይፈናጠራል፣ ድንቹም በእንፋሎት ይበስላል እንጂ አይጠበስም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች፣ ለስድስት ሰው

- የተፈጨ የበሬ ሥጋ፦ ግማሽ ኪሎ
- ድንች፦ 1 ኪሎ (መካከለኛ ከሆነ 8 ያህል)
- ቀይ ሽንኩርት፦ 2 ትልልቅ፣ በደቃቁ የተከተፈ
- ነጭ ሽንኩርት፦ 4 ፍልቃቂ፣ የተወቀጠ
- ቲማቲም፦ 2፣ የተከተፈ
- ቃሪያ፦ 2
- ዘይት፦ 4 የሾርባ ማንኪያ
- በርበሬ፦ 1 የሾርባ ማንኪያ
- እርድ፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- ጨው፦ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ
- መከለሻ ወይም ኮረሪማ፦ በሁለት ጣት የሚነሣ
- ውሃ፦ ሩብ ኩባያ

መጥበሻው ሰፊና ወፍራም፣ ክዳን ያለው ቢሆን ይመረጣል። ስስ መጥበሻ በከሰል ላይ መሐሉ ብቻ ይግልና ምግቡን ያሳርራል። መጥበሻው ጠባብ ከሆነ ድንቹን በሁለት ዙር መጥበስ ይሻላል፤ ተደራርቦ የገባ ድንች አይቀላም።

አሠራር

1. ከሰሉ በደንብ ፍም እስኪሆን ይጠብቁ። መጥበሻውን ያለ ዘይት ያግሉና ሥጋውን ዘርግተው ያድርጉ። ለሁለት ደቂቃ አይንኩት፤ ከዚያ በማማሰያ እየፈረፈሩ ያምሱት። ሥጋው መጀመሪያ ውሃ ያወጣል። ውሃው ጨርሶ ሲደርቅና ድምፁ ከመንተክተክ ወደ መንጣጣት ሲለወጥ ሥጋው መጠበስ ጀመረ ማለት ነው። ቡናማ ሲሆን ግማሹን ጨው ይነስንሱበት። ይህ ሁሉ 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

2. ሥጋውን ወደ ንጹሕ ሳህን ያውጡ፤ ስቡ መጥበሻው ውስጥ ይቅር። ጥሬው ሥጋ የነበረበትን ሳህን መልሰው አይጠቀሙበት።

3. ሁለት ማንኪያ ዘይት ጨምረው ድንቹን በአንድ ረድፍ ያድርጉ። እንዲቀላ ለአምስት ደቂቃ ሳያማስሉ ይተዉት፤ ከዚያ ያገላብጡ። እርዱንና ቀሪውን ጨው ነስንሰው ይክደኑ፤ ፍሙን ቀነስ ያድርጉ። በየሦስት ደቂቃው እያገላበጡ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ያቆዩት። ቢላዋ ያለ ግብግብ ሲገባበት ድንቹ በስሏል።

4. ድንቹን ወደ መጥበሻው ጠርዝ ገፋ አድርገው መሐሉ ላይ ቀሪውን ዘይትና ቀይ ሽንኩርቱን ያድርጉ። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ ነጭ ሽንኩርቱን ይጨምሩ። በርበሬውን ከአንድ ማንኪያ ውሃ ጋር ለውሰው ያስገቡ፤ ደረቅ በርበሬ በጋለ ዘይት ላይ በቅጽበት ያርና ምግቡን ሁሉ ያመርራል።

5. ቲማቲሙን ጨምረው ውሃው እስኪመጥ ያቁላሉ።

6. ሥጋውን ይመልሱ፤ ከድንቹ ጋር ያዋህዱ። ቀሪውን ውሃ ዙሪያውን ጠብ አድርገው ይክደኑና በረመጥ ላይ 8 ደቂቃ ያቆዩት። በመጨረሻ ክዳኑን ከፍተው ቃሪያውንና መከለሻውን ጨምረው ለሁለት ደቂቃ ያድርቁት።

ጠቅላላው ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይወስዳል።

ቅደም ተከተሉ ለምን እንዲህ ሆነ

በወጥ ሥራ ሽንኩርት ይቀድማል፤ እዚህ ግን ይዘገያል። ሽንኩርት ብዙ ውሃ አለው። ከድንቹ በፊት ከገባ ውሃው ድንቹን ይቀቅለዋል፤ በሌላ በኩል ድንቹ እስኪበስል ሽንኩርቱ ያራል። ቲማቲም የሚዘገየው በኮምጣጣነቱ ነው። ኮምጣጣ ነገር የድንችን ሥጋ ያጠነክረዋል፤ ጥሬ ድንች ላይ ቲማቲም ከተጨመረ ግማሽ ሰዓት ቢቆይም ልቡ ጠንካራ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በጥድፊያ የተሠራ ድንች ወጥ «አልበስል አለ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የቦታው ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ በሆነችው ወረታ ግን በ94 ዲግሪ ያህል፣ ወደ 2,700 ሜትር በሚጠጋው ደብረ ታቦር ደግሞ በ91 ዲግሪ ያህል ይፈላል። በእንፋሎት የሚበስለው ድንች በደጋው የሚዘገየው ስለዚህ ነው። ወረታ ላይ 12 ደቂቃ የበቃው ድንች ደብረ ታቦር ላይ አምስት ደቂቃ ቢጨመርለት ይሻላል፤ በትናንሹ መቁረጥም ጊዜና ከሰል ይቆጥባል።

መብሰሉን ማወቅ

ያልተፈጨ ሥጋ ላይ ተዋሲው በአብዛኛው ያለው ላዩ ላይ ነው፤ ላዩ ሲጠበስ ይሞታል። ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አንዱ የተበከለ ቁራጭም ሙሉውን ሊበክል ይችላል። ስለዚህ የተፈጨ ሥጋ ሁሉም ክፍሉ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ እንዲበስል ይመከራል። በአገራችን የተለመደው የኮሶ ትልም የሚተላለፈው ጥሬ ወይም ለብ ለብ ባለ የከብት ሥጋ ውስጥ ባለው እጩ አማካይነት ነው፤ በደንብ የበሰለ ሥጋ ከዚህ ነፃ ነው።

ቴርሞሜትር በሌለበት ቤት ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ምንም ሮዝ ቀለም አይታይም፤ ጓል ሆኖ የቀረ ሥጋ ሲፈረከስ ውስጡም እንደ ላዩ ነው፤ የሚወጣ ቀይ ውሃ የለም፤ ከምግቡ እንፋሎት ይነሣል። ቀለም ብቻውን ሊያሳስት ስለሚችል በስድስተኛው ደረጃ የተጠቀሰው የ8 ደቂቃ ክደና መዘለል የለበትም። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡርና ለአረጋውያን ሲሆን ጥንቃቄው ይበልጥ ግድ ነው።

በምን ይበላል

በእንጀራ፣ በዳቦ ወይም በሩዝ ይቀርባል። በፎገራ ሩዝ የራሱ የሜዳው ምርት ነው፤ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎም እንጀራ ይጋገርበታል። በሩዝ የሚቀርብ ከሆነ ድንቹን ወደ 700 ግራም መቀነስና ቲማቲሙን አንድ መጨመር ጥሩ ነው፤ ድንችም ሩዝም ኃይል ሰጪ በመሆናቸው ሁለቱ ሲበዙ ማዕዱ ይከብዳል። ጎኑ ላይ ሰላጣ ወይም የተቀቀለ ጎመን ቢኖር ይሟላል።

ግማሽ ኪሎ ቀይ ሥጋ 100 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ለስድስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 16 ግራም ገደማ ይደርሳል። ጥቂት ሥጋ ሌላም ጥቅም አለው፦ በድንቹ፣ በጎመኑና በእንጀራው ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በተሻለ እንዲወስድ ይረዳል። ሻይና ቡና ግን ይህን ይቀንሳሉ፤ በተለይ ደም ማነስ ያለባት ሴት ከምግቡ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ብትጠጣ ይሻላል።

ልዩነቶች

አልጫ፦ በርበሬው ይቀርና እርዱ ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ከፍ ይላል፤ ጥቂት ዝንጅብል ይጨመራል። ለልጆችና ለጨጓራ ሕመምተኛ ይስማማል።

በምንቸት አብሽ መንገድ፦ በሀገራችን የተፈጨ ሥጋ ከሚሠራባቸው የታወቁ ምግቦች አንዱ ምንቸት አብሽ ነው። የዚያን ጣዕም የሚወድ ሰው በርበሬው ሲገባ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ አብሽና አንድ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ይጨምራል።

በምስር፦ ሥጋው ሩብ ኪሎ ብቻ ከሆነ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ድፍን ምስር በስድስተኛው ደረጃ ይጨመራል። መጠኑ ይሞላል፣ የጎደለውንም ፕሮቲን በከፊል ይተካል።

በሌላውም ዓለም ሙስሊሞች ተመሳሳይ ምግብ ያውቃሉ። በሕንድና በፓኪስታን አሉ ቂማ ይባላል፤ «አሉ» ድንች፣ «ቂማ» የተፈጨ ሥጋ ነው። ቱርኮችም የተፈጨውን ሥጋ «ክይማ» ብለው ከድንች ጋር ይሠሩታል። ከእነዚህ የእኛ የሚለየው በበርበሬውና በመከለሻው ነው።

በረመዷን

ለኢፍጣር ይህ ምግብ ምቹ ነው። ድንቹን ከዐስር ሶላት በኋላ ልጦ፣ ቆርጦ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይቻላል፤ መጥበሱ ከመግሪብ በፊት 50 ደቂቃ ሲቀር ቢጀመር በሰዓቱ ይደርሳል። ሥጋው ግን እስከዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ ከዐስር በኋላ ተገዝቶ ወዲያው ይሠራ።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ለሱሑር የሚተርፈው ነው። በመግሪብና በፈጅር መካከል 10 ሰዓት ያህል አለ። የበሰለ ሥጋ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመከራል፤ በተለይ ረመዷን በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ሲውል ምግቡ በድስት ተከድኖ ማደሩ ተዋሲን ማራባት ነው። ሽታው አለመለወጡ ማስረጃ አይሆንም። ጾመኛ ሰው ሱሑር ላይ በልቶ ተቅማጥ ከያዘው ደግሞ ቀኑን ሙሉ የወጣውን ፈሳሽ መተካት ይቸግረዋል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ማቀዝቀዣ ያለው ቤት የሱሑሩን ድርሻ ማዕዱ ሳይነካ ለይቶ፣ በሰፊ ዕቃ ዘርግቶ ቀዝቀዝ ሲል ያስገባውና ለሱሑር እንፋሎት እስኪወጣ አሙቆ ያቅርበው። ማቀዝቀዣ የሌለው ወይም መብራት የሚጠፋበት ቤት ለኢፍጣር የሚበላውን ያህል ብቻ ይሥራ። ለሱሑር የተቆረጠ ድንች ውሃ ውስጥ ያሳድርና ሥጋውን በአራት ወይም በአምስት እንቁላል ይተካ፤ ሠላሳ ደቂቃ ይበቃዋል። የሱሑሩ ጨውና በርበሬ ከኢፍጣሩ ቢያንስ ቀን ላይ ጥሙ ይቀላል።

በዒድ አል-አድሓ

በአረፋ ቀን ችግሩ ይገለበጣል፤ ሥጋው ይበዛል። ብዙ ዑለማዎች የኡድሒያን ሥጋ ሦስት ቦታ ማድረግን ይወዳሉ፦ ለቤተሰብ፣ ለወዳጅና ለጎረቤት፣ ለችግረኛ። አዲስ የታረደ ሥጋ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሚጠነክር ለጥብስ ቢቸግርም ለመፍጨት ይመቻል። ቁርጥራጩንና ጠንካራውን ብልት ለዚህ ምግብ ማዋል፣ ለስላሳውን ለስጦታ ማስቀረት መልካም ነው። ለመቆየት የሚፈለገው ግን አይፈጭ። ቋንጣ የሚሆነው ሙሉ ሥጋ ነው፤ የተፈጨ ሥጋ በማቀዝቀዣ እንኳ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ ጥሬውን መቆየት የለበትም።

ለጎረቤት ማካፈል

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወጥ የሚሠራ ሰው መረቁን አብዝቶ ጎረቤቶቹን እንዲያስብ አዘዋል፤ የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት እንደሚበቃም ተናግረዋል። መረቅ በሌለው በዚህ ምግብ የሚበዛው ድንቹ ነው። ሁለት ድንችና አንድ ሽንኩርት መጨመር አንድ ሳህን ለጎረቤት ያተርፋል።

ጎረቤቱ ክርስቲያን ከሆነ ሥጋ የነካው ሳህን አይላክለትም፤ እሱም ለእኛ እንደማይልክ ሁሉ። ድንቹ በሦስተኛው ደረጃ ከሥጋው ስብ ጋር ከመገናኘቱ በፊት የጎረቤትን ድርሻ ለይቶ በሌላ ንጹሕ ዕቃ በዘይት፣ በሽንኩርትና በቲማቲም መሥራት ይቻላል። ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ስለሚሆን በረቡዕ፣ በዓርብና በሌሎች ጾሞቹም ይበላዋል። በዚያን ቀን የሚታጠበው ዕቃ ሁለት ይሆናል፤ ማዕዱ ግን ከአንድ ቤት አልፎ ይደርሳል።